የሃያ ሦስቱ ቀጠሮ

ንጽሕናን ማን ይጠላል? ይሁን እንጂ ንጽሕናም እንደ መድኃኒት ልክ አለው፤ ከልኩ ያለፈ እንደሆነ በሽተኛውን ይዞ ይሄዳል። አርባ ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ መርፌ ሲወጉ የኖሩት አባ ቀጠሮ ይህን የተማሩት በስተርጅና ነው፤ የተማሩትም በአንድ ቀን ነው።

አባ ቀጠሮ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የበሽተኞቻቸውን ቀን ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ዋዜማው ላይ ይደውሉና «ነገ ሦስት ሰዓት፣ ክንድህን ታጥበህ ና» ይላሉ። አንድም ቀጠሮ አሳልፈው አያውቁም። በዚያን ዕለት ጠዋት ግን ስልካቸውን እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው በመንገዱ ዳር ሲጣደፉ፣ የሱቋን ቆርቆሮ በር ወደ ላይ ከምትገፋ ወጣት ጋር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸው።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ማንን ሊወጉ ነው እንዲህ የሚሮጡት?» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። በልጅነቷ «አያምም» ብለው ወግተዋት ጤና ጣቢያውን በጩኸት ያናወጠችው ልጅ ናት። አሁን ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ በዚያች ጠባብ ሱቅ ስልክ ትጠግናለች፤ ሰፈሩም «ስልክ ሠሪዋ» ይላታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀልዱባት ነበር።

«ጠፋብኝ ልጄ» አሉ። «ስማቸው ሁሉ ጠፋብኝ። ሰው ሊሞትብኝ ነው።»

ስልክ ሠሪዋ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸውና ወንበር ሳበችላቸው። ነገሩን ግን እየተርበተበቱ ስለነገሯት እኛ በቅጡ እንናገረው። ከስድስት ቀን በፊት አንድ እብድ ውሻ በጠራራ ፀሐይ መናኸሪያ ገብቶ ሃያ ሦስት ሰው ነክሷል። አሥራ ዘጠኙ ያኔውኑ፣ አራቱ ደግሞ በማግስቱ መጥተው ክትባት ጀመሩ። ክትባቱ አራት ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ሁለቱን ወስደዋል፤ ሦስተኛው ለአሥራ ዘጠኙ ነገ፣ ለአራቱ ከነገ ወዲያ ነው። ሰዎቹ ከየሰፈሩ የመጡ መንገደኞች ናቸው፤ አባ ቀጠሮ አያውቋቸውም። «ቀኑን እኔ እቆጥርላችኋለሁ፣ እናንተ ስልኬን ብቻ ጠብቁ» ብለው አሰናብተዋቸዋል። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ቀናቸው በሙሉ ያለው ደግሞ በአባ ቀጠሮ ስልክ ውስጥ፣ በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ነው።

አባ ቀጠሮ ገና ጀማሪ ሳሉ አንድ ጎልማሳ በእብድ ውሻ በሽታ ሲሞት አይተዋል። ውሃ በኩባያ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው ይታነቅ ነበር፤ ኋላ ኋላማ የቧንቧ ድምፅ ሲሰማ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሐኪም የሚያድንበት መላ የለውም። ከሱቁ ማዶ አንድ ሰው መኪና ሲያጥብ የውሃው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አባ ቀጠሮ በሩን እንድትዘጋው ለመኗት።

«መቼ ነው የጠፋው?» አለች ስልክ ሠሪዋ።

«ትናንት አመሻሽ ላይ። ሳምንታዊ ጽዳቴን ሳደርግ።»

«የምን ጽዳት?»

«የስልኬን ነዋ። የሠሩበት መሣሪያ ሳይቀቀል አያድርም። ያለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ ላጠፋ ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ መርጬ ተጫንኩት። ከዚያ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ደፋሁት።»

«በስልክ ሲደውሉላቸው ቁጥራቸው የጥሪ ዝርዝሩ ላይ ይቀራል እኮ።»

«እሱን በየማታው ነው የማጸዳው።»

«ለሰው የላኩት ቅጂስ?»

«የሰው ደዌ ለሰው ልልክ?» አሉ ደንግጠው።

«የጤና ጣቢያው መዝገብስ?»

«ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ሃያ ሦስት ሰው ተከተበ ይላል። ስሙን ለእኔ ተዉልኝ ያልኩ እኔው ነኝ። የስልክ ድርጅቱንም ሲነጋ ጠይቄ ነበር፤ ደብዳቤ አምጡ፣ በሳምንት ይደርሳል አሉኝ።»

«እሺ፣ መጥፋቱን ካወቁ በኋላ ስልኩን ምን አደረጉት?»

«የጠፋ ፋይል ይመልሳል የሚል ፕሮግራም አወረድኩ። አንዱ አልሠራ ሲለኝ ሌላ ጨመርኩ፤ እሱም እንቢ ሲል ሦስተኛ።»

ስልክ ሠሪዋ ስልኩን ከእጃቸው ወስዳ አጠፋችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አባ ቀጠሮ ግን መልቀሙንም በጥድፊያ ነበር የጀመሩት።

«ምነው አጠፋሽው?»

«አባባ፣ በእርስዎ ሥራ ልንገርዎ። ፋይል ሲጠፋ፣ ታካሚው ወጥቷል ተብሎ ከመዝገብ ተሰረዘ እንጂ አልጋው ላይ ገና እንደተኛ ነው። የሚነሳው ሌላ ታካሚ ሲመጣበት ነው። ስለዚህ ፋይል የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ምንም አለማድረግ ነው። ፎቶ አያነሳም፣ ምንም አያወርድም። ሰንጠረዡ የተቀመጠው የት ላይ ነበር፣ ስልኩ ላይ ነው ሚሞሪ ካርዱ ላይ?»

«ስልኩ ሲሞላ ሁሉም ነገር ወደ ካርዱ እንዲሄድ አድርጌው ነበር።»

«ከካርድ ላይ መመለስ ከስልኩ ይሻላል። ግን አልምልልዎትም።»

ጥፍር የምታህለውን ካርድ አውጥታ በካርድ ማንበቢያ አድርጋ ላፕቶፗ ላይ ሰካችና ፍለጋውን አስጀመረች። ሦስት ከመቶ የሚል ቁጥር ታየ። አባ ቀጠሮ ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አልነቀሉም፤ አሥር ላይ ሲደርስ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«እስኪጨርስ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ» አለች። «ለምን አንድ ቅጂ ብቻ?»

«ምስጢር ስለሆነ ነዋ። አንቺ ሳትወለጂ በፊት፣ ሥራ ይቀልጥፍ ተብሎ የጤና ጣቢያው መዝገብ በሁለት ተጻፈ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ አደረና አንድ ሰው ገልጦ አነበበው። የአንዲት ሴት ሕመም በሦስት ቀን ሰፈሩን አዳረሰ፤ ባሏም ዕቃዋን ደጅ አወጣው። ቅጂውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የበሽተኛዬን ስም ሁለት ቦታ ላላስቀምጥ ማልኩ።»

ሽማግሌ ሲሳሳት ሁልጊዜ ከአለማወቅ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ቀን ክፉኛ ስለተቃጠለ ነው።

«መሐላዎን አከብራለሁ» አለች ስልክ ሠሪዋ። «ግን ያቺን ሴት የጎዳት ቅጂ መኖሩ ነው ወይስ ሳይቆለፍ ማደሩ?»

«ሁለቱም ያው ነው።»

«ያው አይደለም አባባ። መድኃኒት ክፍሉን ሌባ ቢገባበት መድኃኒቱን ያቃጥሉታል ወይስ ቁልፉን ይቀይራሉ? ሰንጠረዡ እኮ የይለፍ ቃል ይቀበላል፤ ቃሉን ለማያውቅ አይከፈትም። አንዱን ቅጂ ቆልፈው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሰጡ ምን ነበረበት?»

«ሰው አይታመንም ልጄ።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ከራስዎ ጣት በቀር ማን ከዳቸው?»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። «ይቅርታ አባባ፣ አፌ ቀደመኝ።»

«የለም፣ እውነት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ብዙ ቅጂ ብዙ አፍ ነው።»

«አንድ ቅጂም አንድ ዓይን ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እርስዎ ግን በየሳምንቱ በአፈር ሲያጥቡት ከርመዋል። ደግሞስ ለባለቤቶቹ ቀናቸውን በቁራጭ ካርድ ጽፈው ቢሰጧቸው? የራሱን ምስጢር ለራሱ መስጠት ምስጢር ማውጣት ነው እንዴ?»

«በሽተኛ ካርድ ይጥላል። እኔ አልጥልም።»

ይህን ተናግረው ገና ሳይጨርሱ የገዛ ቃላቸው በጆሯቸው ተመለሰባቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። ቁጥሩ ሰባ ሁለት ላይ ነበር።

መቶ ሲሞላ ዘጠኝ ፋይሎች ተገኙ፤ ስማቸው ጠፍቶ ተራ ቁጥር ብቻ ቀርቷቸዋል። ስልክ ሠሪዋ የመጀመሪያውን ስትነካው እንቢ አለ። ሁለተኛው ያለፈው ዓመት ሆነ። ሦስተኛው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ነው። አራተኛው ላይ ስሞች መጡ፤ አባ ቀጠሮ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ጣታቸው ባዶ መስመር ነካ።

«ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው» አሉ። «ሌሎቹን እስቲ እይልኝ።»

አየች። አምስቱም አልረቡም። «አዲሱ ፋይል የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ሰፍሯል። ዛሬ ጠዋት ያወረዷቸው ፕሮግራሞች ይመስሉኛል።»

«አልጋው ላይ ሌላ ሰው አስተኛሁበት» አሉ አባ ቀጠሮ። «የቀሩት ሁለት ወንድማማች ዕቃ ጫኞች፣ አንዲት ትኬት ቆራጭ፣ ከዚያ ያቺ ሕፃን ናቸው። ስድስት ዓመቷ ነው። የነከሳት ጉንጯ ላይ ነው፤ ለጭንቅላት በቀረበ ቁጥር በሽታው ይፈጥናል።»

ስልክ ሠሪዋ የሱቋን በር መልሳ ቆለፈች። ለሁለት ተካፍለው ለአሥራ ዘጠኙ ደወሉ፤ ሁሉም ተገኙ። ከዚያ መናኸሪያ ሄደው ወንድማማቾቹን ጭነት ላይ፣ ትኬት ቆራጯን መስኮቷ ላይ አገኙ። የሕፃኗን እናት ግን የሚያውቃት ጠፋ። ትኬት ቆራጯ ብቻ፣ «ወረፋ ላይ ስናወራ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ ያለችኝ መሰለኝ» አለች። የቱ ሆቴል እንደሆነ አልጠየቀቻትም።

በመጀመሪያው ሆቴል የለችም። በሁለተኛው ዘበኛው አላስገባም ብሎ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፤ እዚያም የለችም። ወደ ሦስተኛው ሲሄዱ አባ ቀጠሮ በየመንገዱ የሚያዩትን ሕፃን ሁሉ ጉንጩን ይመለከቱ ነበር።

የሦስተኛው ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ከምድር በታች ነው። ደረጃውን ሲወርዱ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ሰምተው አባ ቀጠሮ ግድግዳውን ያዙ። እናቲቱ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ትጨምቃለች፤ ልጅቷ ጉንጯ ላይ ፕላስተር ተለጥፎባት በታጠፉ ፎጣዎች ላይ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ውሃ ጠጥታለች?» አሉ አባ ቀጠሮ፤ ሰላምታም አልሰጡም።

እናቲቱ ግራ ተጋብታ በብርጭቆ ቀድታ ለልጅቷ ሰጠቻት። በስድስት ቀን ምልክት እንደማይታይ አባ ቀጠሮ ያውቃሉ፤ ፍርሃት ግን ቀን አይቆጥርም። ልጅቷ ብርጭቆውን አንስታ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ እያለ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። አባ ቀጠሮ ፎጣው ላይ ከአጠገቧ ቁጭ አሉና እንባቸው መጣ።

«ምን ሆኑ አባቴ?» አለች እናቲቱ። «እኛ እኮ ዛሬ ማታ እናቴ ጋ ልንሄድ ነበር። የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ስልክም አይሠራም። ቁስሏ ደርቋል፤ የቀረ መርፌ ቢኖር እስካሁን ይደውሉልኝ ነበር ብዬ በእርስዎ ተማመንኩ።»

ከቀኑ ድካም ሁሉ ይህች «ተማመንኩ» የምትለው ቃል ነበረች የሰበረቻቸው። ከኪሳቸው የመድኃኒት ካርቶን አውጥተው ቀደዱና የሦስተኛውንና የአራተኛውን መርፌ ቀን በትልልቁ ጻፉበት። «መንገዱን እስከዚህ ቀን አቆዪልኝ። ይህቺን ደግሞ ያዢ።»

«ብትጠፋብኝስ?»

«ካንቺ ብትጠፋ እኔ ጋ አለች። ከእኔ ብትጠፋ አንቺ ጋ አለች። ከሁለታችንም ብትጠፋ ኃላፊው ዘንድ ተቆልፋ ትገኛለች።»

ስልክ ሠሪዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ረታሁ ብላ አልተኩራራችም፤ ይህም ከተማረችው ትምህርት ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው ለተከተበ ሰው ሁሉ ካርድ ይሰጠዋል። ሰንጠረዡ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በኃላፊው ኮምፒውተር ላይም ይቀመጣል፤ የበሽተኞቹ ስም ሁለት ቦታ ቢጻፍም አንድም ወሬ አልወጣም። በሽተኛው ሰው እስኪደውልለት አይጠብቅም፤ ቀኑን ራሱ ስለሚያውቅ የሰው ስህተት አይገድለውም። አባ ቀጠሮ የስልክ ጽዳታቸውን አልተዉም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከማጥፋታቸው በፊት ሌላ ቦታ መኖሩን ያያሉ፤ ስህተት ከሠሩም ስልኩን አጥፍተው ወደ ስልክ ሠሪዋ ይሄዳሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእሳት ብቻ አይደለም።

የልጅቷ የመጨረሻ መርፌ ዋዜማ ላይ ግን የስልክ መስመር በከተማው ሁሉ ተቋረጠ። አባ ቀጠሮ ደጋግመው ቢሞክሩም ጥሪው አልሄደም፤ ያቺም የድሮዋ ፍርሃት ተመለሰችባቸው። ጠዋት ገና የጤና ጣቢያው በር ሲከፈት ልጅቷ እናቷን በእጇ እየጎተተች ገባችና ካርቶኗን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች።

«ዛሬ ቀኔ ነው» አለች።

«ሳልደውል?»

«ተጽፏል እኮ። ያማል?»

አባ ቀጠሮ አርባ ዓመት የለመዱት መልስ አፋቸው ላይ መጣ፤ ዋጡትና «ትንሽ ያማል» አሉ።

ልጅቷ ክንዷን ሰጠች። መርፌው ሲወጣም አላለቀሰችም፤ ካርቶኔን መልሱልኝ ብላ እጇን ዘረጋች።