ማን ይይዝሃል?

እስቲ እኔ ራሴን እንዴት እንዳዋረድኩ ስሙኝ። ክንዴ ላይ አንበሳ ልነቀስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ነቃሹ "ቁርስህን በደንብ ብላ፣ ክንድህን ላጭተህ ና" ብሎኛል። ገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ክንዴን በምላጭ ስላጭ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ደረሱብኝ። በልጅነታቸው አንገታቸውን ዙሪያውን የተነቀሱ ናቸው፤ ቢቆጡኝ "እርስዎስ?" ልላቸው ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ነገሩን ስነግራቸው ረጋ ብለው "ማን ይይዝሃል?" አሉኝ።

"ለምን እያዛለሁ?"

"እኔን አራት ሴቶች ይዘው ነው ያስነቀሱኝ። አንዷማ እግሬ ላይ ተቀምጣ ነበር።"

ሳቅኩ። "እትዬ፣ እኔ እኮ ቂሊንጦ ሲሚንቶ ስሸከም የምውል ሰው ነኝ!"

"ሲሚንቶ አይወጋም" ብለው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ተከተሉኝ። ታክሲ ውስጥ ለወያላው ሳይቀር "ሊነቀስ ነው፣ ልይዘው ነው" እያሉ አሳቀቁኝ። ስንደርስ በስንት ልመና በር ላይ ካለው ወንበር አስቀመጥኳቸውና ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ማሽኑ ጢዝ አለ። የአንበሳውን ጆሮ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ጎፈሩ ሲጀመር ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

"እትዬ ብርቄ!" አልኩ፣ በቀጭን ድምፅ።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲጠብቁ ኖሯል። ብቅ አሉና፣ "እኔ ብቻዬን እበቃለሁ ወይስ ሦስት ሴት ልጨምር?"