በኦማ የሚያልቁ ቃላት

ከሜክሲኮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ እናት አጠገባቸው ላለች፣ ነጭ ጋውን ለያዘች የሕክምና ተማሪ ወረቀት ዘረጉላት።

«የባለቤቴ የላብራቶሪ ውጤት ነው፤ ሐኪሙን የማገኘው ሰኞ ነው። ይቺን ረጅሟን ቃል አንብቢልኝ ልጄ።»

«አዴኖካርሲኖማ ይላል።»

«መጨረሻው ኦማ ነው አይደል?»

«አዎ እናቴ።»

«አውቄያለሁ! የኔ የዓይን ሕመም ግላኮማ ነው የሚባለው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳስተያያቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ ናቸው። ለኔ ጠብታ ሰጥተውኝ ይኸው ደህና ነኝ።»

ልጅቷ ወረቀቱን እንደገና አነበበችው።

«ምነው? ትርጉሙ ሌላ ነው እንዴ?»

«ሰኞ ሐኪሙ ቢነግርዎት አይሻልም?»

«እስከ ሰኞ እንዴት አድርጌ እቆያለሁ? ንገሪኝ።»

«ካንሰር ማለት ነው እናቴ።»

እናትየዋ ወረቀቱን ቀስ ብለው አጣጠፉት።

«ቅድም በስልክ ጠብታ ብቻ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። ስንት ቀን ምግብ እንቢ ሲል ከርሞ፣ ደስ ብሎት ‹ሽሮ ሥሪልኝ› አለኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን ሊሏቸው ነው?»

«ዛሬ ይብላ።»

ረዳቱ «ልደታ ወራጅ አለ?» ሲል ወራጅ ነበርኩ፤ ግን ሳልወርድ ልደታን አለፍኩ።