ገና ኤርምያስ ላይ ነን

ከኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ወደ ጋምቤላ በሚኒባስ ስንመለስ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። እሷ በጣቢያው የምትሠራ ነርስ ናት፤ እሱ ጉልበቱ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል።

«ስትሰብክ ዋልክ?»

«የለም፣ ሲስተር። ለእናቴ አነባለሁ። ከደቡብ ሱዳን ሸሽታ መጥታ እዚህ ካምፕ ናት። ዓይኗ አያይም።»

«ምን ታነብላታለህ?»

«ሁሉንም። ከዘፍጥረት ጀምረን ገና ኤርምያስ ላይ ነን።»

«ውይ፣ ደክሞሃል።»

«በጣም። ተጠመቂ ስላት ‹መጀመሪያ ሁሉንም ልስማ› አለች። እኛ ጋ ሽማግሌ ግማሽ ነገር ሰምቶ አይፈርድም።»

«ወንጌሉን ብቻ ብታነብላትስ? መዳኑ ያለው እዚያ አይደል?»

«እኔም እንደዚያ አልኩ። ‹ከምን እንደሚያድነኝ ሳላውቅ?› አለችኝ።»

«ጤናዋስ እንዴት ነው?»

«ጥሩ አይደለም። እህል ትታለች። ለዚህ ነው ዛሬ የዘለልኩት። ሌላውን ሁሉ ትቼ ቀጥታ ማቴዎስ ገባሁ፣ የኢየሱስ መወለድ።»

«ደግ አደረግህ። እግዜር ይቅር ይልሃል።»

«እሱ ይቅር ይለኛል። እሷ ናት ያወቀችብኝ።»

«ምን አለች?»

«አዳመጠችኝ። ስጨርስ እጄን ይዛ ‹እነዚያ ወደ ባቢሎን ተማርከው የሄዱት ሰዎች አገራቸው ተመለሱ ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ፣ ሲስተር። ሳምንት ካለችልኝ ከኤርምያስ እንቀጥላለን።»

ሾፌሩ «ወራጅ አለ?» ሲል የእኔ መውረጃ ነበር፤ አልወረድኩም።