ማሳቸውን መጨረሻ ያጠጡት የአባ ተራ ዜና ሕይወት

ወገኖቼ፣ መቆም የደከማችሁ አረፍ በሉ፤ ወንድሜ አጭር ንግግር ይወዱ ነበር፣ እኔ ግን አልሆንልህ ያለኝ ነገር ይኸው ነው። ከመሥሪያ ቤታቸው ተጽፎ የመጣው ወረቀት እጄ ላይ አለ፤ ሹመትና ስብሰባ ሞልቶበታል፣ ሰውየው ግን የሉበትም። ስለዚህ ከወረቀቱ ጥቂት፣ ከራሴ ብዙ አድርጌ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው አነብላችኋለሁ።

ሁላችንም አባ ተራ እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከገበሬው አባታችንና ከእናታችን፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከዚህ ቁልቁል በሚታየው የድንጋይ ቤት ተወለዱ። አባታችን የመንደሩ የውሃ አባት ነበሩ፤ ይኸውም ከወንዙ ተጠልፎ የሚመጣውን የቦይ ውሃ ለአርባ ሁለቱ ማሳዎች በየተራ የሚያከፋፍሉ ሰው ማለት ነው። የውሃ አባት ሕጉ አንድ ነው፤ የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ከሁሉም መጨረሻ ነው፣ ውሃው ካነሰም የሚደርቀው የእርሱ ነው። ወንድሜ ይህን ሕግ ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተውታል። እኔም የጠባሁት ያንኑ ጡት ነበር፤ ለእኔ ግን ብዙም አልዘለቀኝም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በአጎራባች መንደር ተምረው፣ አባታችን ወገባቸውን በታመሙ ጊዜ እርሻውንና የውሃውን ሥራ በአንድ ቀን ተረከቡ። የቀረውን ትምህርት በርቀት ሲከታተሉ፣ ቦዩ ዳር ዘርግተው ያስቀመጡትን የሒሳብ መጽሐፍ ውሃ ይዞት ሄዶ በታችኛው ማሳ ሰውዬ ሽንኩርት መካከል ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰውዬ ሽንኩርት የተማረ ነው እየተባለ ሲቀለድ ኖረ። ሰውየው ይኸው ከኋላ ቆመው ይሰሙኛል። በሃያ ስድስት ዓመታቸው የልብስ ሰፊውን ልጅ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ዝናብ በጠፋበት ዓመት የላይኛውና የታችኛው መንደር ሰዎች በውሃ ተጣልተው ዶማ ሲማዘዙ፣ ወንድሜ መካከላቸው ገብተው፣ የራሳቸውን ተራ ለሁለቱም አካፍለው፣ የራሳቸው ሽንኩርት ዓይናቸው እያየ አረረ። ወሬው ከተማ ደረሰ። በዚያው ሰሞን የክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥ ከሥልጣን ተነሥተው ስለ ነበር፣ በምትካቸው በማንም ሰው አልስማማ ያሉት ሁለት የሹማምንት ወገኖች በእኚህ ገበሬ ተስማሙ። ወንድሜ አሻፈረኝ ቢሉም ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እግራቸው ላይ ተወድቆ፣ እንግዲያስ እስከ አዝመራው ብቻ ብለው ሄዱ። አዝመራው አሥራ አራት ጊዜ ተሰበሰበ።

ቢሯቸውን አይቼዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የማቀዝቀዣው አየር እንዳይባክን ተብሎ መስኮቶቹ በብሎን ተጠርቅመዋል። ከደጅ ሁለት ዘበኛ፣ ከመኪናው ሾፌር አለ፤ የመኪናውን በር በገዛ እጃቸው የከፈቱ ዕለት ሾፌሩ ምን አጠፋሁ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪከፈትላቸው መጠበቅ ለመዱ። ከቤት ይዘውት የሄዱትን ዶማ ከበሩ ጀርባ አቁመው፣ ነገር ሲከብዳቸው እጀታውን ጨብጠው ያስቡ ነበር። በዓመቱ የንብረት ቆጠራ ሲደረግ ቆጣሪዎቹ ዶማው ላይ ቁጥር ለጠፉበትና የመንግሥት ሆኖ አረፈው። እርሳቸውም ሳቁ። ሦስት ጊዜ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ለመጀመሪያው ጊዜው አይደለም ተባሉ፣ ለሁለተኛው የበላይ አካል ያየዋል ተባሉ፣ ሦስተኛው እስከ ዛሬ መልስ አልመጣለትም።

ሥልጣን ላይ ሳሉም የውሃ አባትነታቸው አልለቀቃቸውም። መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት የሚሠራላቸው መንደሮች ዝርዝር ሲቀርብላቸው የራሳቸውን መንደር በገዛ ብዕራቸው ከመጨረሻው መስመር ጻፉት። ለሌላው ሁሉ መንገድ ሲገባ፣ የእኛ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ሲቀረው ድልድዩ ጋ ቆመ። እኛም የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እያልን አማናቸው። ማማት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት ባለቤቴ ምጥ ጠናባት፤ በቃሬዛ ተሸክመናት ዳገቱን ሳንጨርስ ከእነ ልጇ አረፈች። አምቡላንሱ ድልድዩ ጋ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀን ነበር። ወንድሜ መጥተው ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ፊታቸውን አላየሁም።

መንገዱ በመጨረሻው የሥልጣን ዓመታቸው እዚህ ደረሰ፤ እርሳቸውም ተሰናበቱ። ዶማቸውን ይዘው ሲወጡ የግቢው ዘበኛ የንብረት መውጫ ጠየቃቸው፤ መውጫው የሚሰጠው አምስት ክፍል ሲፈርም ነው፣ ከአምስቱም ሁለቱ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ክፍለ ሀገር ሲገዙ የኖሩ ሰው በገዛ ዶማቸው ተይዘው በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሙ። ዘበኛው ምን ያድርግ፣ ታዝዞ ነው ብለው ዶማውን ትተው ሄዱ።

በማግስቱ በሾፌራቸው በኩል፣ ቤቱን አጽዳልኝ፣ ልመጣ ነው ብለው ላኩብኝ። እኔም ሕዝቡ የመንገዱን ነገር ቂም ይዞብዎታል፣ እስኪበርድለት ይቆዩ ብዬ መልስ ላክሁ። አመኑኝ። ከተማ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ከባለቤታቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ተቀመጡ። በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ሽንኩርት ተክለው፣ ቆርቆሮዎቹን እንደ ማሳ በየተራ ያጠጡ ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ፣ በረደላቸው ወይ ብለው ይልኩብኛል፤ እኔም በየዓመቱ፣ ገና ነው እላለሁ።

በኋላም ኩላሊታቸው ታመመ፤ ሐኪሙ በቀን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ ለካላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ውሃ ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አገኘኋቸው። ይህ የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ሰዎቹስ አሉኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ እናንተ ምስክሬ ባትሆኑም ፈጣሪ ያውቃል፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ገና ነው አልኋቸው። እንግዲያው ተራዬ አልደረሰም ማለት ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማክሰኞ ጠዋት አረፉ።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ልናገር። የዚህ መንደር ሕዝብ ቂም አልነበረውም። እናንተ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ቤቴ መጥታችሁ፣ ቦዩ አባት አጣ፣ አባ ተራ መቼ ነው የሚመጡት ብላችሁኛል፤ እኔም ከተማውን ለምደውታል፣ እኛን ንቀውናል ብዬ መለስኋችሁ። እናንተንም እርሳቸውንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቂሙ የእኔ ነበር፤ የባለቤቴ ቃሬዛ ከትከሻዬ አልወርድ ብሎኝ ነው። ማሳቸውንም አርሼ መብላት ለምጄ ነበር፣ አዎ፣ እርሱም አለበት። አንዴ ገና ነው ካልሁ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት አሁን በረደ ማለት ያለፈውን ውሸት ማውጣት ሆነብኝ፤ እንዲህ እንዲህ እያልሁ እርሳቸውን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ራሴን እዚህ አሰርሁ። እቴ፣ ባለቤታቸው፣ አንቺም የምትሰሚው ዛሬ ነው። እኔን ተይኝ፤ ማሳውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተረከቢኝ።

አባ ተራ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዛሬም የአስከሬኑን መኪና በር በእጁ የከፈተላቸውን ሾፌራቸውን፣ ቦዩን ያለ አባት፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ያመለጠውን አንድ ታናሽ ወንድምም ትተው፣ ከማሳቸው ራስጌ ዛሬ ያርፋሉ።

አንተ የላይኛው የውሃ አባት፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር አሳርፍልን። እኚህ ሰው ሕይወታቸውን ሙሉ ተራ ጠብቀዋል፤ እባክህ፣ እዚያ እንኳ ወንድሜን መጀመሪያ አጠጣልኝ።