ሚጢጢን የጠየቃት የለም

የጤና ጣቢያው ሊፍት ተበላሽቷል፤ ደህና ሆኖ ቢገኝ ነበር የሚገርመው። ስለዚህ ሶፋ ሠሪው ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ሚጢጢን አዝለው፣ ሊፍቱንም ሠሪውንም እየረገሙ ደረጃውን ይወርዱ ነበር። ሚጢጢ ቅጽል ስሟ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ እግሮቿ አይታዘዟትም እንጂ ክብደቷ የደህና ልጅ ክብደት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ደረጃ ባዩ ቁጥር ጀርባቸውን ይሰጧታል፤ ደረጃ በሌለበትም ይሰጧታል። ዊልቸሯ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚከተላቸው።

መታጠፊያው ላይ ቆም ብለው ሲተነፍሱ የእህታቸው ልጅ ከታች ስትወጣ ተገናኙ። የሚጢጢ አስተማሪም እሷው ናት። ጥርሷን ልትታይ መጥታ ነበር፤ አጎቷን ስታይ ግን የጥርሷን ነገር ረሳችው። ሰላምታው ሲያልቅ ዳር ዳር ሳትል ነገሩን አነሳች። ክፍሉ በሚቀጥለው ሳምንት ድንኳን ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሮ የሚመለስበት ካምፕ ይሄዳል፤ ከሁለት ቦታ አንዱን የምትመርጠው እሷ ናት፤ ሚጢጢም አብራ እንድትሄድ ትፈልጋለች።

«ሌላ ቀልድ የለሽም?» አሉ ሽማግሌው።

«ቀልድ አይደለም አጎቴ።»

«ደህናው ልጅ እንኳ የሚሰበርበት ጫካ ውስጥ እሷን ልጣል? እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው አያነሳትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«መጠርጠርዎስ ደግ ነው። እንዲያውም ቅዳሜ ይምጡና አብረን እንጠርጥር። ሁለቱም ቦታ ካልሆነ እኔው ራሴ አልወስዳትም። አንዱ ከሆነ ግን እሺ ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ሁለቱንም እንደሚያጣጥሉ እርግጠኛ ስለነበሩ ተስማሙ። ይህ ሁሉ ሲባል የሚጢጢ አገጭ አያቷ ትከሻ ላይ ነበር። አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት ግን የለም። ልብ በሉ፣ የተማረችዋም አላለቻትም።

ቅዳሜ መጀመሪያ የሄዱት ሐይቁ ዳር ወዳለው ካምፕ ነው። ቦታው ዓይን ይማርካል። ኃላፊው ደግሞ አፉ ቅቤ ነው። ምንም ችግር የለም፣ ጉልበታም ጎረምሶች አሉን፣ የትም ቦታ ተሸክመው ያደርሷታል አለ። ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ደስ አላቸው። መሸከም የሚያውቅ ሰው አገኙ ማለት ነው።

አስተማሪዋ ሽንት ቤቱን አሳየን አለች። ሦስት ደረጃ አለው፤ በሩም ከዊልቸሩ ይጠባል።

«እዚህስ?» አለችው።

«ይሸከሟታል አልኩሽ እኮ።»

«ጎረምሶቹ? እስከ ውስጥ?»

ሰውዬው ነገሩን በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ፤ አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። ሚጢጢ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ፊታቸው እንደ ፍም ቀላ፤ ለካ እሳቸውም ይህን አላሰቡትም።

«ምንም ችግር የለም ብሎ የሚጀምር ሰው ችግሩን አስቦት አያውቅም» አለች አስተማሪዋ ሲወጡ።

ሁለተኛው ካምፕ ሐይቅ ቀርቶ ኩሬ የለውም። ዛፍና አቧራ ነው። ነገር ግን መንገዱ ተደልድሎ ጠጥሯል፤ የሽንት ቤቱ በር ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አለ፤ የድንኳኑ አልጋ ከፍታው ከዊልቸሩ እኩል ነው። ሽማግሌው እንከን ፍለጋ ተነሱ። እሳቱስ? ታጥሯል። በሌሊት ብትታመምስ? ነርስ እዚሁ ታድራለች፣ መኪናም አለ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የካምፑ ኃላፊ የሆነችው ሴት መልስ ነበራት፤ የሌላትን ደግሞ የለንም ትላለች። ዝናብ ከጣለ መንገዱ እንደሚያዳልጥ ያልሸሸገችው ራሷ ናት። የሽማግሌው ጥርጣሬ እያለቀ ሲሄድ ንዴታቸው ጨመረ።

ቀጥሎ ሴትየዋ ሚጢጢ ፊት ቁጢጥ አለች። «አንቺስ? ራስሽ የምትሠሪው ምን ምን ነው? እርዳታ ስትፈልጊ ማን ቢረዳሽ ትወጃለሽ?»

«እሷ ብቻዋን ምንም አትችልም» አሉ ሽማግሌው ፈጠን ብለው።

«ይቅርታ አባቴ፣ የጠየቅኩት እሷን ነው።»

ክው አሉ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በገዛ ልጃቸው ጉዳይ! «በቃ፣ እንሂድ» ብለው ሊያነሷት ጎንበስ አሉ። ሚጢጢ ሁለቱንም ጎማ ጨምድዳ ያዘች።

«አባባ፣ አታንሳኝ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሚጢጢ ጎማውን እንደያዘች ወደ ሴትየዋ ዞራ መለሰች። ከአልጋ ወደ ወንበር ራሷ ትወጣለች። ጫማ ማሰር ያቅታታል። ሽንት ቤት የሚረዳት ሰው ሴት ብትሆን ትወዳለች፣ እሷም በር ላይ ብትጠብቃት ይሻላል።

«ከአልጋ ወደ ወንበር? መቼ ተማርሽው?» አሉ ሽማግሌው።

«አንተ ሥራ ስትሄድ።»

ሆድ ባሳቸው። ጥለዋቸው ሄዱና አንድ ዛፍ ሥር ቆሙ። አስተማሪዋ ተከተለቻቸው።

«የትምህርታችሁ ትርፍ ይኸው ነው?» አሉ። «ልጄን ከጀርባዬ ማውረድ?»

«አጎቴ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ የሚፈሩት ምንድን ነው?»

የዛፉን ግንድ ተደገፉ። «ጉልበቴ እየከዳኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ስወድቅ ለማን እተዋታለሁ? እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸ ነው።»

«ለራሷ ነዋ! ግን ራስን መቻል ልምምድ ይፈልጋል። ልምምዱም እርስዎ ቆመው ሳሉ ነው መሆን ያለበት። እዚህ ብትሳሳት ከሁለት ቀን በኋላ ቤትዎ ናት። ከእርስዎ በኋላ ብትሳሳትስ ወደማን ትመለሳለች?»

ቀስ ብለው ተመለሱና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቀዋት የማያውቁትን ጠየቋት።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈራለሁ» አለች ሚጢጢ። «ግን እፈልጋለሁ።»

ሄደች።

ዛሬ ሶፋ ሊያሠራ የሚመጣ ደንበኛ የሽማግሌውን ስብከት ሳይሰማ አይወጣም። ልጅህን ካምፕ ስትልክ ሐይቁን አትይ፣ የሽንት ቤቱን በር እይ ይላሉ። እንሸከማታለን ያለህን አትመን፤ ልጅቷን ራሷን የጠየቀውን እመን። አሁን ጠዋት ወንበሯ ላይ ወጥታ የምትቀሰቅሳቸው ሚጢጢ ናት፤ ድንኳን የተጋሯት ልጆችም ቤቱን ሞልተውታል። ወገባቸውም ቢሆን አመስጋኝ ነው። አፍ አውጥተው የማይናገሩት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ከካምፕ የተመለሰች ዕለት የሆነው ነው።

ያን ዕለት ሽማግሌው የመሣሪያ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ከሥራ በቀጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሚጢጢ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጉልበቷ ተጭሮ ከአውቶቡሱ ወርዳ ዊልቸሯ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። ጠበቁ። የሚያቅፋቸው እጅ ሲጠፋ ዞሩ።

«አባባ፣ ደክሞሃል» አለች። «ቦርሳህን አምጣ።»

መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ ምስማሩ ሁሉ ጭኗ ላይ አረፈ።

«አይከብድሽም?»

«ይከብዳል» አለች ጎማዋን እየገፋች። «ግን አልሰጥህም።»