መሬት ያልረገጠው በሬ

እናንተ ወጣት ሠዓሊዎች ዛሬ የሥዕል ጥላን በኮምፒውተር ትሠራላችሁ፤ እኔ ግን ጥላ መሥራት የተማርኩት በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ከአንድ ገበሬ ነው። በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ በሬ እንድስል ታዝዤ ነበር። ካድሬዎቹ በማግስቱ ሊመርቁት ይመጣሉ፤ በሬው ግን ምንም ባደርገው የተንሳፈፈ ይመስላል። አያ መኮንን የሚባሉ ሽማግሌ ገብተው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ በሬ እኮ መሬት አልረገጠም» አሉኝ።

«ጥላ ሠርቼለታለሁ፣ አያ።»

«ጥቁር ቀለም ነው የደፋህበት። ና፣ ተከተለኝ።»

የራሳቸውን በሬ ደጅ ፀሐይ ላይ አቆሙልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጥላው ከሸኮናው ሥር ይጠቁርና እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፤ ውስጡ ያለው ሣርም አረንጓዴነቱን አልተወም። ሮጬ ገብቼ እንዳየሁት ሠራሁት። አያ መኮንን ጠጋ ብለው አዩትና፣ «አሁንስ ይታረስበታል» አሉ። በማግስቱ ካድሬዎቹ ብዙ አጨበጨቡ፤ እኔ ግን ምስጋናዬን ቀድሜ ተቀብዬ ነበር።