ያዝ ለቀቅ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ስቱዲዮ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ዘፈን ሲያቀናብር የኖረው መኩሪያ መሣሪያዎቹ ፊት ተቀምጧል፣ ዘፋኟ ልጁ ናርዶስ ከኋላው ቆማለች፤ ድምፅ እንዳይረብሽ ቬንትሌተሩ ጠፍቷል።)

ናርዶስ፦ አባዬ፣ እንዲህ ሆኖማ አይሰጥም። እየሰማሁት አብሬው ማለክለክ ጀመርኩ እኮ።

መኩሪያ፦ ምኑ ነው የሚያለከልከው? ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ናርዶስ፦ ከበሮው ድው ሲል እልልታው ስምጥ ይላል። ከበሮው ዝም ሲል ደግሞ ተንደርድሮ ይመጣል። ስምጥ ብቅ፣ ስምጥ ብቅ። ዳገት የወጣ ሰው ነው የሚመስለው።

መኩሪያ፦ የሠርግ ዘፈን ነው። ሠርግ ላይ ሰው ያለከልካል።

ናርዶስ፦ ጨፋሪው ያለክልክ፤ ዘፈኑ ምን ቤት ነው?

መኩሪያ፦ መጀመሪያ ቬንትሌተሩን ክፈቺው። በላብ ታጠብን።

ናርዶስ፦ እሱ ከተከፈተ ጭራሽ አይሰማህም።

መኩሪያ፦ ምን ለማለት ነው?

ናርዶስ፦ ምንም። እኔም አይሰማኝም ለማለት ነው። እስቲ ኮምፕሬሰሩን እየው። ሪሊዙ የት ላይ ነው?

መኩሪያ፦ ሁልጊዜ የማደርገው ላይ።

ናርዶስ፦ የመልቀቂያ ጊዜውን በጣም አሳጥረኸዋል። ከበሮው ሲጮህ መሣሪያው ዘፈኑን በሙሉ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ወዲያው ደግሞ ይለቀዋል። በያንዳንዱ ምት ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ።

መኩሪያ፦ ኮምፕሬሰር ምን እንደሚሠራ ለኔ ታስረጃለሽ? እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንቺ ጡት አልጣልሽም ነበር።

ናርዶስ፦ አውቃለሁ አባዬ። ትንሽ ቆየት ብሎ ይልቀቅ ነው ያልኩት።

መኩሪያ፦ ይኸው አስረዘምኩት። አሁንስ?

ናርዶስ፦ ገና ነው፣ ጨምር። ጨምር... በዛ! በዛ አባዬ።

መኩሪያ፦ ደግሞ ምን ሆነ?

ናርዶስ፦ አሁን ጭራሽ መልቀቅ አቆመ። አንዱን ምት ሳይለቅ ሌላው ይደርስበታል። ዘፋኙም ከበሮውም ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈባቸው ነው የሚመስሉት።

መኩሪያ፦ ቢለቅ ታማርሪያለሽ፣ ቢይዝ ታማርሪያለሽ።

ናርዶስ፦ በልኩ ይልቀቅ ነዋ።

መኩሪያ፦ ስለ ዘፈኑ ነው የምታወሪው?

ናርዶስ፦ ስለ ምን ላወራ ኖሯል? ኤፍሬም ሊወስደው እየመጣ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው፤ ያውም ለእህቱ ሠርግ። ሰው ፊት እንዲያፍር ነው የምትፈልገው?

መኩሪያ፦ እኔን አምኖ ነው የመጣው። አላሳፍረውም።

ናርዶስ፦ እኮ፤ ስለዚህ ሁለታችንም በደንብ እንስማ። ይኸው፣ አሁን ትንሽ ነካካሁት። ተሻለ ወይስ ባሰበት?

መኩሪያ፦ እንደገና አሰሚኝ።

ናርዶስ፦ ይኸው።

መኩሪያ፦ ተሻለ። እልልታው ቦታውን ያዘ።

ናርዶስ፦ አባዬ...

መኩሪያ፦ ምነው? ተሻለ አልኩሽ እኮ።

ናርዶስ፦ ምንም አልነካሁም። ያው የቅድሙ ነው።

መኩሪያ፦ (ማዞሪያውን ጎንበስ ብሎ እያየ) ያው የቅድሙ?

ናርዶስ፦ ይቅርታ። እንዲህ ማድረግ አልነበረብኝም።

መኩሪያ፦ ፈተንሽኝ?

ናርዶስ፦ ከቅድም ጀምሮ ስፒከሩን አይደለም የምትሰማው፤ የመሣሪያውን መርፌ ነው የምታየው። እንደዚያ አፍጥጠህ።

መኩሪያ፦ መርፌውንም ካላየሁ ምን ይቀረኛል? ለማንኛውም እኔም ፈትኜሻለሁ፣ ሂሳብ ዘግተናል።

ናርዶስ፦ እኔን? መቼ?

መኩሪያ፦ የነስንታየሁን ዘፈን ስንሠራ። ሪሊዙን ሆን ብዬ አጭሩ ጫፍ ላይ ትቼው ለቀን እንቅልፌ ቤት ሄድኩ። ስመለስ መሀል ላይ አገኘሁት። ማዞሪያ በራሱ አይዞር መቼም።

ናርዶስ፦ ታውቅ ነበር? አውቀህ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልከኝ?

መኩሪያ፦ አንቺስ አውቀሽ ዝም አላልሽኝም?

ናርዶስ፦ የኔ ለስምህ ነው። መኩሪያ ጆሮው ደከመ ከተባለ በዚያ በር ማን ይገባል?

መኩሪያ፦ የኔ ደግሞ ፍርሃት ነው። አንቺ ከሄድሽ ብቻዬን ከዚህ ስፖንጅ ጋር ስንፋጠጥ ታየኝ። ግን ማን ለመነሽ? እኔ አንድ ቀን አፍ አውጥቼ ለምኜሻለሁ?

ናርዶስ፦ ማንም አልለመነኝም። ለዚህ እኮ ነው መውጫ ያጣሁት። ለምነኸኝ ቢሆን እምቢ እልህ ነበር። አንተ ስትተኛ እኔ የሰው ዘፈን ሳስተካክል፣ የሰው ድምፅ ስሰማ... የራሴን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ መሰለህ። እዚህ ክፍል ውስጥ ስናገር እንኳ ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ግድግዳው የሚውጥብኝ ይመስለኛል።

መኩሪያ፦ የሐዋሳዎቹስ?

ናርዶስ፦ የትኞቹ የሐዋሳዎች?

መኩሪያ፦ የሙዚቃ ባንዱ ነዋ። ስልክ አላነሳ ስትዪ መሪው እኔ ጋ ደወለ። ድምጿን ወደነዋል፣ እሷ ግን አባቴን ጥዬ አልሄድም ትለናለች፤ እርስዎ ይምከሩልን አለኝ።

ናርዶስ፦ ምን አልከው?

መኩሪያ፦ ያኔማ ልክ ናት ብዬ ዘጋሁበት።

ናርዶስ፦ አባዬ!

መኩሪያ፦ ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። በይ አሁን ኤፍሬምን ከሃፍረት እናውጣው። እጁ የኔ፣ ጆሮው ያንቺ። ንገሪኝ።

ናርዶስ፦ ሪሊዙን መልሰው። ቀስ... ቀስ... እዚያ ጋ ተው። አታኩን ደግሞ ዘግየት አድርገው፤ የከበሮው ምት ከወጣ በኋላ ይያዝ እንጂ ገና አፉን ሲከፍት አይነቀው።

መኩሪያ፦ እንዲህ?

ናርዶስ፦ እንዲህ። ጭነቱንም ቀንስለት፣ ያን ያህል አይታፈን። ኧረ ስማው! እልልታው ሳይናወጥ ቆመ። ከበሮው በራሱ፣ እሱ በራሱ።

መኩሪያ፦ እኔ አልሰማውም፤ ፊትሽ ላይ ግን አየሁት። በቃ ለኤፍሬም ይሄ ይሰጠው።

ናርዶስ፦ ይሰጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያንን የመዝሙር ቡድን...

መኩሪያ፦ እሱን ተይው። ከሰኞ ጀምሮ የሰሚር ሥራ ነው።

ናርዶስ፦ ሰሚር ደግሞ ማነው?

መኩሪያ፦ ሐረር ድምፅ ሲቀርጽ የኖረ ጎልማሳ ነው፤ ጆሮው እንዳንቺ ነው። እንደማልሰማ አፌን ሞልቼ ነገርኩት፤ እሱ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኔ አንቺ የቆምሽበት እሆናለሁ። ለባንዱም ደወልኩላቸው። ትመጣለች አላልኩም፤ የሚይዛት የለም ነው ያልኩት።

ናርዶስ፦ ሳትነግረኝ?

መኩሪያ፦ አንቺስ ጆሮ ስትሆኚኝ ነግረሽኝ ነበር? ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ከዚህ ክፍል ወጣሽ እኮ ነው የምልሽ።

ናርዶስ፦ ገብቶኛል።

መኩሪያ፦ ታዲያ?

ናርዶስ፦ መድረክ እፈራለሁ፣ አባዬ። አባቴን ጥዬ አልሄድም ስላቸው ሁሉም ያዝንልኝ ነበር፤ እኔም ለራሴ አዝን ነበር። ከእንግዲህ እምቢ ብላቸው በማን ላሳብብ?